«መንደር» ብዬ ብጽፍ ተቆጡኝ፤ ታዲያ ምን ልበል? ሰፈር? አካባቢ? ቀበሌ?

ሜሪላንዱ ጠየቀ፦

ሰላም ቤተሰብ። አንዲት ቃል ሦስት ቀን ሙሉ እያዞረችኝ ነው፤ እስቲ ድረሱልኝ።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኛ ሕንጻ ላይና ዙሪያውን ባሉት ቤቶች ሐበሻው በዛ ያለ ነው። ሰሞኑን ሌሊት ሌሊት የመኪና መስታወት እየተሰበረ ዕቃ ይወሰዳል፣ በር ላይ የተጣለ ካርቶን ይጠፋል። ነዋሪው ተነጋገረና እርስ በርስ እንጠባበቅ፣ ነገረ ሥራው የማያምር ሰው ስናይ እንደዋወል፣ ለዚህም አንድ ቀን እንሰብሰብ ተባለ። የእንግሊዝኛው ወረቀት አለቀ። አማርኛውን «አንተ አለህ አይደል» ብለው ለኔ ወረወሩት። እኔ ደግሞ ከአገር የወጣሁት በ11 ዓመቴ ነው፤ አማርኛዬ የቤት አማርኛ ነው፣ እናቴ የምትጠራኝና እኔ የምመልስላት።

መጀመሪያ «የመንደር ጥበቃ ስብሰባ» ብዬ ጻፍኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት እናት መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ልጄ፣ እኔ መንደር ነው እንዴ የምኖረው? እዚያም ከተማ ነበርኩ፣ እዚህም ከተማ ነኝ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ቀልድ አልነበረም።

እሺ ብዬ «የአካባቢ ጥበቃ» አደረግኩት። ጓደኛዬ አየና «ችግኝ ልትተክሉ ነው?» አለኝ። አሁን ሳስበው እውነቱን ነው፣ ዜና ላይ የአካባቢ ጥበቃ ሲባል ስለ ደንና ስለ ቆሻሻ ነው የሚወራው።

ሦስተኛው ሙከራዬ «የቀበሌ ጥበቃ» ነበር። ለአባዬ በስልክ ሳነብለት ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሄሎ አልኩ። ቆይቶ «ሌላ ቃል የለም?» ብቻ አለኝና ወሬ ቀየረ።

እና ጥያቄዬ፦ ሰፈር፣ መንደር፣ አካባቢ፣ ቀዬ፣ ቀበሌ፤ መዝገበ ቃላት ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። ልዩነታቸው ምንድን ነው? የትኛውን ልጻፍ?

---

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ መለሰ፦

ወንድሜ፣ እናትየዋ ልክ ናቸው። አንተም አላጠፋህም፤ ያጠፋው መዝገበ ቃላትህ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ መንደር የሚባለው ከአስፋልቱ ገባ ያለው ነው። «ቤቱ መንደር ውስጥ ነው» ካሉህ ታክሲው አይገባም ማለት ነው፤ ኮብልስቶኑን ይዘህ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፈህ፣ ቆርቆሮ አጥር ታክከህ ትገባለህ። ከዚያ ደግሞ የመንደር ወሬ አለ፣ መንደርተኛ አለ። መንደርተኛ ማለት አንድ ሰው ስለ ሰው ጓዳ የሚያወራ፣ ወይም ፖለቲካ ላይ ከሆነ ከራሱ አጥር ማዶ የማይታየው ነው። ስድብ ነው በአጭሩ። ሰፈርተኛ ግን ስድብ አይደለም፣ እንደውም ዝምድና ነው። «የሰፈሬ ልጅ ነው» ካልኩህ ገንዘብ አበድሬዋለሁ፣ ወይም አበድሮኛል፣ ወይም አብረን ተደብድበናል።

ስለዚህ ሰፈር በል። ግን ቃሉ ከየት እንደመጣ ላውራህ፣ ደስ ስለሚለኝ ነው።

ሰፈር የጦር ቃል ነው። ሰፈረ ማለት ድንኳን ተክሎ አረፈ ነው። ወፍም ዛፍ ላይ ትሰፍራለች፣ ዝንብም ወጥ ላይ ይሰፍራል፣ ሰውም ባዶ መሬት ላይ ይሰፍራል (በደርግ ጊዜ ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ሕዝብ የተጓጓዘበት ፕሮግራም ስሙ ሰፈራ ነው)። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ኦሪት ዘሌዋውያንን ብታነብ ለምጻሙ «ከሰፈር ውጭ» እንዲቀመጥ ይታዘዛል፤ እዚያ ላይ ሰፈር ማለት የእስራኤል ልጆች ምድረ በዳ ላይ የተከሉት ድንኳን ሁሉ ነው እንጂ ሱቅና ካፌ ያለው ሰፈር አይደለም። እህልም በቁና ይሰፈራል፤ ያኛው ሰፈረ ከዚህኛው ጋር ይዛመድ አይዛመድ ለምሁራኑ ትቼዋለሁ።

አዲስ አበባ በ1879 ስትቆረቆር የከተማ ፕላን የሚባል ነገር አልነበረም፣ የነበረው የጦር ሰፈር ልማድ ነው። ግቢው መሀል፣ መኳንንቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ወታደራቸውንና አሽከራቸውን ይዘው በየኮረብታው። በመሀሉ ወንዝና ሜዳ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር የሚባሉት ስሞች ከዚያ ናቸው። ሠራተኛ ሰፈር የእጅ ባለሙያዎቹ፣ ዘበኛ ሰፈር ዘበኞቹ። ጎፋ ሰፈርና ወሎ ሰፈር ደግሞ የአገር ስም ይዘው ቀሩ። ድንኳኑ ጎጆ ሆነ፣ ጎጆው የጭቃ ቤት፣ የጭቃው ቤት ቆርቆሮ ለበሰ፣ ስሙ ግን አልተነቀለም። ጌታው ከሞተ ስንት ዓመቱ፣ ልጁ ግን አሁንም «ውቤ በረሃ ነው ያደግኩት» ይላል።

ጣሊያን ሲመጣ ሌላ ስም አመጣ። ካዛንቺስ የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ድርጅት ስም ነው፣ ካዛ ኢንቺስ። ፖፖላሬም እንደዚሁ ጣሊያንኛ ነው። ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአራዳ ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶን ሠራ፣ የድሮውን ቦታ ፒያሳ አለው። አራዳ ግን ገበያው ሲሄድበት አልሞተም፣ ሰው ላይ ተለጠፈ፤ ነቃ ያለ፣ የማይሸወድ ሰው አራዳ ተባለ። አሁን ክፍለ ከተማም ሆኗል። እስቲ ሌላ የትኛው ሰፈር ነው ጠባይ የሆነ? «ቦሌ ነው» ስትል ጉራውን ለማለት ይሆናል እንጂ።

ለገሃር ፈረንሳይኛ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ማለት። ደግሞ ሰፈር የሚለውን ቃል ጨርሶ የማያነሱ ሰፈሮች አሉ፦ ሰንጋ ተራ፣ አጠና ተራ፣ አውቶቡስ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ። ተራ ማለት የሻጭ መስመር ነው፣ አንዱ ዓይነት ዕቃ የሚደረደርበት። ጎጃም በረንዳ፣ እህል በረንዳ፤ ነጋዴው ዕቃውን ያራገፈበት በረንዳ። ፊት በር፤ ይኼ ደግሞ የግቢ በር ነው።

ስሜን አይተህ ይሆናል። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈረሰች። ቀጥሎ በ2017 ካዛንቺስ ተከተለች። አሁን እኛ ቤት የነበረበት ላይ ሰፊ የእግረኛ መንገድና ሣር አለ። ባለፈው ሳልፍ የእኛ በር የት ጋ እንደነበር በእርምጃ ለካሁ፣ ከመብራት እንጨት ጀምሬ። የእግረኛ መንገዱ ላይ የቆመው ዘበኛ «የጠፋህ ነገር አለ?» አለኝ። «ሰፈሬ» ልለው ነበር፣ አፍሬ ተውኩት።

---

ጎንደሬዋ መለሰች፦

ኧረ መንደርን እንዲህ አታዋርዱብኝ! እኔ ያደግኩት መንደር ነው፣ አላፈርኩበትም። ገጠር ላይ ስትሆን መንደር ማለት ጎን ለጎን የተሠሩ ቤቶች ናቸው፣ አለቀ። «በመንደሩ ሰርግ አለ» ሲባል ማንም አይከፋውም። የአዲስ አበባ ሰው ነው ከተሜ ነኝ ለማለት መንደርን የሰደበው። በደርግ ጊዜ ደግሞ መንደር ምሥረታ ተብሎ ተበታትኖ የሚኖረው ገበሬ በግድ አንድ ላይ እንዲሰበሰብ ሲደረግ ቃሉ ሌላ ጠባሳ አተረፈ፤ ግን ጥፋቱ የቃሉ አይደለም።

እኛ ጎንደር ላይ ደግሞ ሰፈሩ «ቤት» ነው የሚባለው። እጨጌ ቤት፣ አቡን ቤት፣ እስላም ቤት። ቤት ስልህ አንድ ቤት እንዳይመስልህ፣ ሰፈር ሙሉ ነው። እጨጌ ቤት የእጨጌው፣ የገዳማቱ አለቃ፣ የሚኖርበት ነበር፤ ወንጀል ሠርቶ እዚያ የገባ ሰው አይነካም ነበር፣ መማፀኛ ነው። እስቲ አሁን የትኛው ሰፈር ነው ገብተህ የማትያዝበት? ጣሊያን እኛም ዘንድ አልቀረም፣ ፒያሳ አለን፣ አውቶ ፓርኮ አለን፤ የመኪና ማቆሚያው ስም ሰፈር ሆኖ ቀረ።

ቀዬን ግን ተወው፣ ለወረቀትህ አይሆንም። ቀዬ ማለት የሰውዬው ቤት ብቻ ሳይሆን በረቱም፣ አውድማውም፣ ከብቱ የሚውልበት ሜዳም፣ የአባቱ መቃብርም ያለበት ነው። ሰው ቀዬ የሚለው አንድም ሲናፍቅ ነው፣ አንድም ሲነቀል። ዜናውን አዳምጥ፦ «ከቀዬአቸው የተፈናቀሉ»፣ «ወደ ቀዬአቸው የተመለሱ»። አንድ ቀን «በቀዬአቸው ደስ ብሏቸው እየኖሩ ያሉ» የሚል ዜና ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ አልሰማሁም። የመኪና መስታወት ለተሰበረበት ሰው ቀዬ ብትለው ያለቅሳል እንጂ አይሰበሰብም።

ጎጥም አለ፣ ገጠር ቀበሌው በጎጥ ነው የሚከፈለው። እሱንም ፖለቲከኞቹ ጎጠኛ ብለው አበላሹት። ትንሿን ቦታ የሚጠራ ቃል ሁሉ መጨረሻው ስድብ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

---

ከዚራ_ጥላ_ሥር መለሰ፦

ድሬዎች ሳንጠየቅ እንገባለን እንግዲህ 😄

እኛ ጋ ሰፈር «ገንደ» ነው። ገንደ ቆሬ፣ ገንደ ገራዳ። ከኦሮምኛ ነው፣ ገንዳ ማለት መንደርም ቀበሌም ነው። መጋላ አለ፣ በሶማሊኛም በኦሮምኛም ከተማ ማለት ነው። ከዚራ አለ፣ ባቡሩ የሠራት፣ ዛፍ ብቻ፣ ቀጥ ቀጥ ያለ መንገድ። መሀል ላይ ደቻቱ፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ፣ አንድ ሌሊት ግን ወንዝ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው ደቻቱን ሲሻገር አሁንም ወደ ላይ ወደ ተራራው ያያል። እኔ አያለሁ።

ድሬ ላይ «የት ነህ?» ሲሉህ በምትመልሳት አንድ ቃል በስንት ቋንቋ እንዳደግክ ይታወቅብሃል። ሐረር ስትወጣ ደግሞ ጀጎል ውስጥ ሐረሪዎቹ ሰፈሩን «ቶያ» ይሉታል። ሌላ ዓለም ነው።

ለወረቀትህ አይጠቅምም ይኼ። ዝም ብዬ ነው።

---

ዝምታ_ወርቅ_ነው መለሰ፦

ስለ አባትህ ዝምታ ልንገርህ፣ ምናልባት እሳቸው አይነግሩህም። እኔ ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ።

በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሲሆን፣ ሰፈሩ ሁሉ በቀበሌ ተከፋፈለ፣ ቁጥር ተሰጠው። እስከዚያ ድረስ እገሌ ሰፈር ነኝ ያልነው ሰዎች በአንድ ጊዜ «ከፍተኛ ይህን ያህል፣ ቀበሌ ይህን ያህል» ሆንን። ኪራዩ ከመቶ ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ ገባ። «የቀበሌ ቤት» የሚባለው ከዚያ ነው። ቀበሌው ኅብረት ሱቅ ነበረው፣ ስኳሩና ዘይቱ በካርድ። መሰብሰቢያ አዳራሽ ነበረው፣ እሑድ ጠዋት ቀርተህ ታያለህ። አብዮት ጥበቃም ነበረው፣ ጠመንጃ የያዘ፣ የጎረቤትህ ልጅ ሊሆን ይችላል። ማሰሪያ ክፍልም ነበረው።

አሁን «ቀበሌ» እና «ጥበቃ» የሚሉትን ሁለት ቃላት አንድ ላይ አድርገህ፣ ማታ በር በር እያየ ለመንግሥት ስለሚደውል ሰው ወረቀት ጻፍክና ለአባትህ አነበብክላቸው። ገባህ? አንተ አታውቅም ነበር፣ አልፈርድብህም።

በነገራችን ላይ የሚገርመው ቃሉ ራሱ ተገራ። አዲስ አበባ ላይ ቀበሌው ቀርቶ ወረዳ ከሆነ ስንት ዓመቱ፣ ሰው ግን አሁንም መታወቂያ ሊያሳድስ ሲሄድ «ቀበሌ ደርሼ መጣሁ» ነው የሚለው። ባሕር ዳር ሂድ፣ ሰፈሩ ራሱ በቁጥር ነው፤ «ዐሥራ አራት ነኝ» ይልሃል ልጁ፣ ዕድሜውን የነገረህ ይመስልሃል። ለእሱ ቀበሌ አያስፈራም። ለአባትህና ለእኔ ዕድሜ ነው የሚያስፈራው።

ደግሞ እኮ ለምትለው ነገር ቃል አለን። ሮንድ። ሌሊት ሌሊት ሰፈር የሚዞረው ጥበቃ ሮንድ ነው የሚባለው፣ «ዛሬ ሮንድ ተራዬ ነው» ይባላል። ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ባትሪና ዱላ ይዞ፤ መውጣት ያልቻለ ለሚወጣው ይከፍላል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

---

ሜሪላንዱ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አባዬን ደወልኩለት። ስለ ቀበሌው አላነሳሁበትም፣ ቃሉን ቀይሬዋለሁ አልኩት ብቻ። «ጎበዝ» አለኝ።

ሮንድን ወደድኩት፤ ለናቴ ስነግራት በጣም ሳቀች፣ አባቷ ጋቢ ደርበው ሲወጡ ትዝ አላት። ግን እዚህ ሮንድ ብዬ ብጽፍ ሽማግሌዎቹ ዱላ ይዘው እንዳይወጡ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ አንዱ ይወጣሉ። እዚህ ሌሊት ዱላ ይዞ የሰው መኪና አጠገብ የቆመ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። የኛ ስብሰባ መስኮት ላይ ሆኖ ማየትና መደወል ነው እንጂ መዞር የለበትም።

---

አራተኛ_ፎቅ_ሊፍት_የለም መለሰች፦

እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፤ ዕጣ ወጥቶልን ከገባን ዐሥር ዓመት አልፎናል። ሰው «ሰፈርሽ የት ነው?» ሲለኝ የሳይቱን ስም እነግረዋለሁ። «የቱ ሳይት፣ ስንተኛው ብሎክ?» ይለኛል። ሳይት! መጀመሪያ ግንበኛውና ኢንጂነሩ ነበሩ የሚሉት፣ ሲሚንቶ የሚራገፍበት ማለት ነው። ሲሚንቶው አለቀ፣ ቤቱ ተሠራ፣ ሰው ገባ፣ ልጅ ተወለደ፣ እኛ አሁንም ሳይት ላይ ነን።

እናቴ ግን ሰፈሯን አልለቀቀችም። ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው፣ ዕድሯ ግን አሁንም የድሮው ሰፈር ነው። በየወሩ ሁለት ታክሲ ይዛ ሄዳ ትከፍላለች። «እማ፣ እዚህም እኮ ዕድር አለ» አልኳት። «እነዚህ ያውቁኛል እንዴ? ስሞት ማን መሆኔን ጠይቀው ሊያለቅሱ ነው?» አለችኝ።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን የት ጋ እንደሚያልቅ የማውቀው በጥሩምባ ነበር። ሰው ሲሞት ገና ሳይነጋ ጥሩምባ ነፊው ይመጣል። አንዴ ይነፋል፣ የሟቹን ስም ይጠራል፣ ቀብሩ የትና ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፣ ትንሽ ይራመዳል፣ ደግሞ ይነፋል። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ እሰማዋለሁ፤ እናቴ «ማን አለ? ማን አለ?» እያለች ነጠላዋን ትፈልጋለች። ወንዙ ጋ ሲደርስ ዝም ይላል። ከወንዙ ማዶ የሌላ ዕድር ነው፣ የሌላ ሰፈር። እዚህ ሳይቱ ላይ ሰው ሲሞት ቴሌግራም ላይ ይጻፋል። እኔ ግሩፑን ድምፅ አጥፍቼዋለሁ፣ ስለ ውሃ ብቻ ስለሚጨቃጨቁ። ባለፈው ከእኛ በላይ ያለው ሰውዬ መሞቱን የሰማሁት ድንኳኑን ሳየው ነው።

---

ከሬሆቮት መለሰ፦

ሰላም ከእስራኤል። እኔ የምኖረው ቂርያት ሞሼ ነው፣ የእኛ ሰው የበዛበት ነው። እኛ ጋ ቤት ውስጥ አማርኛ እያወራን መሀል ላይ ሰፈርን «ሽኩና» ነው የምንለው፣ ዕብራይስጥ ነው። «ሽኩናው ውስጥ ነው ያለው» እንላለን፣ አያቴም ሳይቀሩ።

አንድ ነገር አስተውያለሁ። በዕብራይስጥ ሽኩና ከሻኼን ጋር አንድ ሥር ነው፣ ሻኼን ጎረቤት ነው። ሰውየውና ቦታው አንድ ቃል። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው መሰለኝ፤ ለዚህ ነው ጠያቂው አማርኛ ላይ የተቸገረው። በአማርኛ ጎረቤት አለ፣ ጉርብትና አለ፣ ጉርብትና ግን ቦታ አይደለም፤ ሽሮ መበዳደር፣ ልጅ አደራ ማለት፣ አጥር ላይ መጣላት ነው። «ጉርብትናው ውስጥ ሌባ ገባ» ብትል ማንም አይገባውም፣ ወይም ሌላ ነገር ነው የሚገባው 😂

ጎረቤት ደግሞ በጣም አሮጌ ቃል ነው። በግዕዝ ጎረቤት «ጎር» ነው። ዓረቡም ጃር ይላል፣ በዕብራይስጥ ደግሞ ጋር ማለት «ይኖራል» ነው። እና እኛ ላይ ቤት ጨመርንበት። የጎንደሯ እህታችን ያለችውን ሳነብ ነው ይሄ ትዝ ያለኝ።

---

ዲያቆኑ መለሰ፦

አጥቢያን የረሳችሁት ሆን ብላችሁ ነው? «አጥቢያህ የት ነው?» ሲባል የምትሳለመው፣ ልጅ የምታስጠምቅበት፣ የምትቀበርበት ቤተ ክርስቲያን ነው የሚጠየቀው። ድሮ አጥቢያ ዳኛም ነበር፣ ትንንሽ የሰፈር ጠብ የሚያይ። የአዲስ አበባ ግማሹ ሰፈር እኮ ስሙ ታቦት ነው፦ ልደታ፣ ቂርቆስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ሐና ማርያም። ሙስሊሙም ታክሲ ላይ «ተክልዬ ወራጅ አለ» ይላል፣ ክርስቲያኑም «አንዋር መስጊድ ጋ አውርደኝ» ይላል፣ ችግር የለውም።

ንጋትም አጥቢያ ነው፣ አጥቢያ ኮከብ። ሊነጋ ሲል። ለወረቀቱ አትጠቀምበት፣ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ስብሰባ የጠራህ ይመስላል።

---

የዶሮ_ማነቂያ_ልጅ፦

አካባቢን ማንም አልተከላከለለትም እኮ። እኔ ልሞክር። አካባቢ የቢሮ ቃል ነው፣ ፊት የለውም። ስብሰባ ላይ «የአካባቢው ማኅበረሰብ» ሲባል ማንን እንደሆነ አይታወቅም፣ ለመወቀስም ለመመስገንም የሚመች ነው። ለሰዓትም ይሆናል፣ «አምስት ሰዓት አካባቢ» ማለት ስድስት ሰዓት ነው። የሰፈር ልጅ ሲደባደብ ስሙ ይታወቃል፤ «የአካባቢው ወጣት» ሲደባደብ ግን ዜና ነው።

ይኸው ተከላከልኩለት 😅

---

ሜሪላንዱ፦

ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ የምወደው ቃል ጠፍቶብኝ ሳይሆን ሁሉንም ወድጄ ተቸግሬ ነበር። ትናንት ማታ ጨረስኩት።

«ጥበቃ» የሚለውን ጨርሶ አወጣሁት፣ ስም ሲሆን ነው የሚያስፈራው። ከላይ በትልቁ «ሰፈራችንን አብረን እንጠብቅ» አልኩ፣ ከሥሩ «የጎረቤቶች ስብሰባ»። ቦታውን ሰፈር፣ ሰዎቹን ጎረቤት። ከዚያ በታች ዱላ እንደማያስፈልግ በአንድ መስመር ጻፍኩ (ጋሼ፣ ይቺ በእርስዎ ምክንያት ናት)። «መስኮት ከፍተው ይመልከቱ፣ ይደውሉ፣ አይውረዱ።»

ወስጄ ለሦስተኛ ፎቋ እናት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ። ቀስ ብለው አነበቡ፣ ጀርባውንም ገልብጠው አዩ፣ ባዶ ነው። «ሰፈር አልክ» አሉኝ። «አዎ እማማ።» «ሰባት ዓመቴ ነው እዚህ፣ ጎኔ ያለችውን ሴትዮ ስሟን አላውቀውም» አሉኝ። ከዚያ «ቡና ይኖራል?» ብለው ጠየቁኝ። እንጃ አልኳቸው። «ቡና አለ ብለህ ጻፍ፣ እኔ አፈላለሁ።»

ጻፍኩ። ስብሰባው ቅዳሜ ነው።

---

ፊደል_ጠባቂ መለሰ፦

ሁላችሁም በእሳቱ «ሰ» ስለጻፋችሁ አመሰግናለሁ፣ በንጉሡ «ሠ» የሚጽፉትን ሳይ ዓይኔን ያመኛል። ወንድሜ፣ ፖስተሩ ላይ በየትኛው ነው የጻፍከው?

---

ሜሪላንዱ፦

…በንጉሡ። ስድሳ ቅጂ ታትሞ አልቋል 😭

---

ጎንደሬዋ፦

ለጥፈው ወንድሜ፣ ቡናው ላይ አልተሳሳትክም አይደል?